ዘንድሮ እንኳን ለስላሳ አይደለንም

2025 ኦገስት 6 ረቡዕ ነበር፣ ከስራ ኦፍ ስለነበርኩ ልጄን ይዤ ፎክስቦሮ ወረድኩ። ፎክስቦሮን ለማታውቁ፣ ከቦስተን ወደ ደቡብ ከ20 ማይል በላይ ወጣ ብላ ያለች ትንሽዬ ከተማ ነች፣ ጂሌት ስታዲየም (አዎ፣ የምላጩ ጂሌት) ያለው እዛ ነው፣ የኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ የሚባለው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድናችን ሜዳ። ሰመር ላይ ልምምዳቸውን ለህዝብ ክፍት ያደርጉታል፣ መግቢያ አይከፈልም፣ ፓርኪንግም ነፃ ነው፣ የጨዋታ ቀን እዛ መኪና ያቆመ ሰው ይሄ ምን አይነት ፀጋ እንደሆነ ያውቃል። የዛን ቀን ደሞ ዋሽንግተን ኮማንደርስ እንግዳ ሆነው መጥተው ሁለቱ ቡድኖች አንድ ላይ ነበር የሚሰሩት። ልጄ ውሃውን በአስር ደቂቃ ጨርሶ የኔን መጠጣት ጀምሯል፣ እኔ ስልኬን እያየሁ ነው፣ እና ድንገት ሜዳው ላይ ግፊያ ተነሳ።

ግፊያ ያልኩት ለጨዋነት ነው። ሀያ ሰላሳ ሰው፣ እያንዳንዱ መቶ ኪሎ ምናምን፣ ሄልሜት ለሄልሜት ተያይዞ አንዱ ባንዱ ላይ ተከመረ። እንዲህ አይነት ነገር ልምምድ ላይ አዲስ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ አሰልጣኞቹ ዳር ቆመው ፊሽካ ይነፋሉ ይጮሃሉ በቃ ይበርዳል። የኛው ግን ዘሎ ክምሩ ውስጥ ገባ። ሄልሜት የለ ፓድ የለ። ልጄ "አባ! ኮቹ ገባ እኮ!" ብሎ ብድግ አለ፣ ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ብድግ አለ፣ ከኛ ርቀት የታየን አንድ ትልቅ ሰውዬ ክምሩ ውስጥ ሰምጦ ሲወጣ ብቻ ነው። ደሙን ያየነው በኋላ ስልክ ላይ ነው። ማይክ ቭሬብል፣ በዚሁ ወር 50 ዓመት የሞላው ዋና አሰልጣኝ፣ ጉንጩ ተልጦ ደም እየወረደው፣ ፊቱ ላይ ግን ዝንብ ያረፈበት ያክል እንኳን ነገር የለም።

ያ ፎቶ ሶስት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ ሰዉ ግን እስካሁን ስለሱ ነው የሚያወራው። የስራ ባልደረባዬ የስልኩ ስክሪን ላይ አድርጎታል፣ የሚስቱን ፎቶ አንስቶ ማለት ነው።

እኔ ቦስተን የገባሁት 2014 መጨረሻ ላይ ነው፣ ያ ዊንተር ደሞ የጉድ ነበር፣ ከ100 ኢንች በላይ በረዶ የወረደበት፣ መኪና በአካፋ ተቆፍሮ የሚወጣበት። የመጀመሪያ ስራዬ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሳጥን በምታክል ቤት ተቀምጦ ሂሳብ መቀበል ነበር። እዛች ቤት ውስጥ ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ጥሎት የሄደ ሬድዮ አለ፣ ማዞሪያው ስለተሰበረ ጣቢያ አይቀየርም፣ ቀን ከሌት ስፖርት ብቻ። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከዛ ሬድዮ ነው ብል ውሸት አይደለም፣ ያውም እየደወሉ ከሚያማርሩ ሰዎች። ያኔ በጣም የሚገርመኝ ቡድኑ እያሸነፈ ሰዉ ማማረሩ ነበር። ከዛ ፌብሯሪ 1 ቀን 2015 ሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ) ላይ ሲያትልን 28 ለ 24 አሸነፉ፣ ማልኮም በትለር የሚባል ከዛ በፊት ማንም ስሙን የማይጠራው ልጅ ጎሉ አፍ ላይ ኳሷን ነጠቀ፣ እኔም የጨዋታው ህግ ግማሹ ሳይገባኝ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቃቅፌ ዘለልኩ፣ በቃ ከዛ ወዲህ አለቀልኝ። ስማቸውም ረድቷል መሰለኝ። ፓትሪዮትስ ማለት አርበኞች ማለት ነው እኮ። አርበኞች የሚባል ቡድን ሰፈርህ እያለ ሌላ ትደግፋለህ እንዴ?

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ "ያ በእጅ የሚጫወቱት ኳስ" እያሉ ያሾፉብኛል ስለዚ ባጭሩ ላስረዳ። አራት ሙከራ አለህ፣ በአራቱ 10 ያርድ ካልገፋህ ኳሷን ትለቃለህ። ኳርተርባክ ማለት ኳሷ ሁሌ ከሱ እጅ የምትነሳ ሰውዬ ነው፣ ወይ ይወረውራል ወይ ያቀብላል ወይ ራሱ ይሮጣል፣ ለመወሰን ያለው ጊዜ ሁለት ተኩል ሶስት ሰከንድ ቢሆን ነው፣ ከዛ 130 ኪሎ የሆነ ሰው በላዩ ላይ ይወድቅበታል፣ ያ ሳክ ይባላል። የኛን ኳስ አስር ቁጥር፣ በረኛና አምበል አንድ ሰው ላይ ጨፍልቃችሁ አስቡት። ጥሩ ኳርተርባክ የሌለው ቡድን ሌላው ሁሉ ቢሟላለት ሞተሩ የወረደ መኪና ማጠብ ነው።

እኛ ደሞ ያበላሸን ከሁሉም ትልቁን ስላየን ነው። ቶም ብሬዲ በ2000 ድራፍት (አዳዲስ ልጆች ለየቡድኑ በሚመረጡበት) 199ኛ ተመርጦ መጥቶ፣ ከአሰልጣኙ ቢል ቤሊቺክ ጋር 6 ሱፐር ቦውል አመጣ። 2020 ላይ ሄደ። ከዛ የሆነውን የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከፈርጉሰን በኋላ ያለውን ማለቴ ነው፣ ዘንድሮ ዘንድሮ እያላችሁ የምትከርሙበትን። 2023 ላይ 4 አሸንፈን 13 ተሸነፍን፣ ቤሊቺክም ተሰናበተ። 2024 ላይ በአዲስ አሰልጣኝ እንደገና 4 አሸንፈን 13 ተሸነፍን፣ ቁጥሯን እንኳን አልቀየርናትም። ልጄ አሁን 9 ዓመቱ ነው፣ የመጨረሻውን ዋንጫ ስንበላ ገና በደንብ አያወራም ነበር፣ እና አንድ ቀን መኪና ውስጥ "አባ ፓትሪዮትስ ድሮ ጎበዝ ነበሩ ይባላል፣ እውነት ነው?" ሲለኝ ልክ ስለ አፄ ምኒልክ ዘመን የጠየቀኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

አሁን ወደ ተስፋው ልግባ፣ ግን መጀመሪያ ለምን እንደምፈራ ልናገር፣ ምክንያቱም ተስፋ ስናደርግ የመጀመሪያችን አይደለም። 2021 ላይ ማክ ጆንስ የሚባል ወጣት ኳርተርባክ በመጀመሪያው ዙር 15ኛ ላይ ተመርጦ መጣ። የመጀመሪያ ዓመቱ 10 አሸንፈን 7 ተሸንፈን ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፉን) ገባን፣ በቃ ሁሉም ሰው "አዲሱ ብሬዲ" ማለት ጀመረ፣ እኔም ቲሸርቱን ገዛሁ። (ፕሌይኦፉ ላይ ቡፋሎ 47 ለ 17 አድርጎ ሲቀጣን እንኳን "ልጅ ነው፣ ይማራል" ነበር ያልነው።) በነጋታው ዓመት የማጥቃቱን ነገር ዕድሜ ልኩን ብዙውን መከላከል ሲያሰለጥን ለኖረ ሰውዬ ሰጡት፣ ልጁ ግራ ገባው፣ ሜዳ ላይ መጮህ ጀመረ፣ እኛም እሱ ላይ መጮህ ጀመርን፣ 2024 ማርች ላይ ወደ ጃክሰንቪል ተሸኘ። ቲሸርቱን አሁን መኪና ሳጥብ ነው የምለብሰው። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው እኔን ነው፣ ወጣት ኳርተርባክ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው አጠገቡ ማን እንዳለ ነው።

የ2024 አሰልጣኝ ጄሮድ ሜዮ ነበር፣ እሱም የድሮ የኛው ተጫዋች፣ ጥሩ ሰው። ኦክቶበር ላይ ለንደን ድረስ ሄደው በጃክሰንቪል 32 ለ 16 ከተሸነፉ በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ቡድናችን ለስላሳ ነው አለ፣ በእንግሊዝኛው ሶፍት፣ ጥንካሬ የለውም ማለቱ ነው። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ "አሰልጣኙ ለስላሳ ነን አለ እኮ" ብላት፣ ቀና ሳትል "ኮካ ነው ፋንታ?" አለችኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ፓትሪዮትስ ሲሸነፉ "ዛሬስ በምን ጣዕም ነው?" ሆኗል ነገሩ። ቀልድ ነው ግን እውነትም ነበረው፣ የምናየው ቡድን ሲመቱት ይቅርታ የሚጠይቅ አይነት ቡድን ነበር።

የሲዝኑ መጨረሻ ደሞ ከሁሉም የባሰ ነው። እዚህ ሀገር ድራፍት የሚባለው በመፅሐፉ ቃል ነው የሚሰራው፣ ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ፣ የመጨረሻ የወጣ ቡድን ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡትን ልጆች አንደኛ ሆኖ ይመርጣል። እኛ ለአንደኝነት፣ ማለትም ለመጨረሻነት፣ የቀረን አንድ ሽንፈት ብቻ ነበር። እና ዓመቱን ሙሉ ማሸነፍ ያቃተው ቡድን የመጨረሻዋን ቀን ቡፋሎን 23 ለ 16 አሸነፈ! እኔ ሶፋ ላይ ቆሜ ስጮህ ባልደረባዬ ቴክስት ላከልኝ፣ "ምን ያስጮህሃል፣ አንደኛ ምርጫችን ሄደች።" አራተኛ ሆንን። በዛው ቀን፣ ጨዋታው ካለቀ ጥቂት ሰዓት እንኳን ሳይቆይ ሜዮ ተባረረ። አሸንፎ የተባረረ ሰው ስታይ ምን እንደምትል አታውቅም።

እንግዲህ ጃንዋሪ ላይ ቭሬብል የመጣው እዚህ ቤት ውስጥ ነው።

ስለሱ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ጠንካራነቱ ነው፣ ግን የኛ ነገር ትንሽ ውስብስብ ነው ምክንያቱም ሰውዬው አንዴ አልቅሰንበታል። ከ2001 እስከ 2008 ለኛ ተጫውቷል፣ ላይንባከር፣ ሶስት ሱፐር ቦውል በልቷል፣ ተከላካይ ሆኖ ሳለ ጎሉ አፍ ላይ ሲደርሱ ለማጥቃት ያስገቡትና ኳስ ይወረውሩለት ነበር፣ በሁለት ሱፐር ቦውል ላይ እንደዛ ተችዳውን (የዚህ ኳስ ጎል በሉት) አግብቷል። ሜዳ ላይ የገጠመው ሁሉ የሚጠላው፣ የኛ ሰው የሚያመልከው አይነት። ከዛ አሰልጣኝ ሆኖ ቴኔሲ ገባ፣ እና ጃንዋሪ 2020 ላይ ፎክስቦሮ ድረስ መጥቶ 20 ለ 13 ከፕሌይኦፍ አስወጣን። ብሬዲ በፓትሪዮትስ ማልያ የወረወራት የመጨረሻ ኳስ ተጠልፋ ተችዳውን የሆነችው የዛን ቀን ነው። አይረሳኝም፣ አንድ ነጥብ እየመሩ ኳሷን መልሰው ሊመቱልን ሲገባ ሆን ብለው ቅጣት እየተቀበሉ ወደ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋ ሰዓት አስበሉ፣ ህጉ ውስጥ ያለች ቀዳዳ ነች። ቤሊቺክ ዳር ቆሞ በንዴት ሲንጨረጨር ታየ። የሚያስቀው ግን ከሁለት ወር ተኩል ገደማ በፊት ጄትስ የሚባለው ቡድን ላይ ያቺኑ ቀዳዳ የተጠቀመባት ራሱ ቤሊቺክ ነበር። የገዛ ተማሪው በገዛ ትምህርቱ ቀጣው። ያን ቀን ቭሬብልን ሰደብኩት፣ አሁን ሳስበው ግን ይሄ ሰውዬ ጉልበት ብቻ አይደለም ያለው ያልኩት ከዛች ቀን ጀምሮ ነው። 2021 ላይ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ፣ ከ2023 ሲዝን በኋላ ቴኔሲ አባረረው፣ አንድ ዓመት ክሊቭላንድ አማካሪ ሆኖ ሰራ፣ አሁን የኛ ነው።

እኔ ቆፍጣና አሰልጣኝ ስለሆነ ብቻ የሚመጣ ተስፋ አይገባኝም። ኮስታራ አሰልጣኝ ብዙ አይተናል፣ መጮህ ለማንም ይቻላል፣ እኔ ድሮ ሰፈር የነበረን የኳስ አሰልጣኝ እንኳን በአለንጋ ነበር የሚያስሮጠን፣ አንድም ዋንጫ አልበላንም። የቭሬብል ግን ሌላ ነገር አለው። በመጀመሪያ መግለጫው ላይ ይገባናል ባይነትን ከዚህ ቡድን አስወጣለሁ ብሎ ነው የጀመረው፣ ይሄ ስድብ ለተጫዋቾቹ ብቻ አይመስለኝም፣ ለኛም ነው። ስድስት ዋንጫ ስላየን ሰባተኛው በፖስታ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ለኖርነው። ደሞ ደሙ የፈሰሰው ተጫዋች ሲቀጣ አይደለም፣ የተጣሉትን ሊገላግል ገብቶ ነው። ልጆቹን ግቡ ብሎ እሱ ዳር የሚቆም ሰው እና ቀድሞ የሚገባ ሰው አንድ አይደሉም። እኛም ሀገር እኮ ጦር ሜዳ ኋላ ሆኖ "በለው" የሚል አለቃ ማንም አያከብርም።

አሁን ስለልጁ። ድሬክ ሜይ። (ሜዮ ሄዶ ሜይ ቀረ፣ ልጄ እስካሁን ይስቅበታል።) ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነው የተጫወተው፣ አባቱም እዛው ኳርተርባክ ነበር፣ ሶስት ታላላቅ ወንድሞች አሉት፣ ሁሉም ስፖርተኞች፣ እንግዲህ የመጨረሻ ልጅ ሆኖ እዛ ቤት ያደገ ልጅ ስንት ጊዜ ተገፍቶ እንደወደቀ አስቡት። 2024 ድራፍት ላይ ሶስተኛ ተመረጠ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነው፣ የፊቱን ነገር ካየህ ግን ለመጠጥ መታወቂያ አምጣ የምትለው ልጅ ነው። 2025 ኦገስት 30 ላይ 23 ዓመቱን ይይዛል። አሰልጣኙም እሱም የኦገስት ልጆች ናቸው፣ ይሄን የነገረችኝ ባለቤቴ ነች፣ ኮከብ ቆጠራ ላይ ጎበዝ ነች።

ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው የመጀመሪያ ዓመቱ የሚያስጮህ አይደለም፣ 12 ጨዋታ ጀምሮ 3 አሸንፎ 9 ተሸንፏል፣ 15 ተችዳውን 10 ኢንተርሴፕሽን (የተጠለፈ ኳስ)። እኔ ግን አንድ ኳስ ይዣለሁ፣ ስለዛች ኳስ ነው ለማንም ሰው የማወራው። ኖቬምበር 3 ናሽቪል ላይ ከቴኔሲ ጋር፣ 17 ለ 10 እየተመራን ነው፣ ሰዓቱ አልቋል ማለት ይቻላል፣ የመጨረሻዋ ኳስ፣ ጎሉ 5 ያርድ ይቀራል። ሜይ ኳሷን ያዘ፣ የሚወረውርለት ሰው የለም። ወደ ቀኝ ሮጠ። መጡበት፣ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እንደገና መጡበት፣ ዞረ። እኔ ቲቪው ፊት ተንበርክኬ ነው፣ "ጣላት፣ ጣላት" እያልኩ ነው፣ ቅድም ሁለት ተኩል ሰከንድ ብያችሁ የለ፣ ልጁ ወደ 12 ሰከንድ ገደማ ቆየ፣ 12 ሰከንድ እዛ ሜዳ ላይ ማለት አንድ ፆም ማለት ነው፣ ከዛ እየወደቀ ምናምን ወረወራት፣ የኛው ራሞንድሬ ስቲቨንሰን ጎሉ ውስጥ ያዛት። ተችዳውን። አቻ። ጎረቤት ግድግዳ መታ።

ከዛ በተጨማሪ ሰዓት ራሱ ሜይ ኳስ አስጠልፎ 20 ለ 17 ተሸነፍን። ያው ለስላሳ። ግን እኔ ያን ማታ ተሸንፈንም እየሳቅኩ ነው የተኛሁት። ማክ ጆንስ ጋር ያላየሁት ነገር ነበር። ማክ ሁሉ ነገር ሲሟላለት ጥሩ ነበር፣ ይሄኛው ምንም ሳይኖረው ነው ያንን ያደረገው።

ምንም ሳይኖረው ስል ማጋነን አይደለም። በ2024 34 ጊዜ ሳክ ተደርጓል፣ 421 ያርድ የሮጠውም ሯጭ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ነፍሱን ለማትረፍ ነው። ፊቱ ቆመው የሚከላከሉለት አምስቱ ሰዎች በየሳምንቱ ይቀያየሩ ነበር። ለዚህ ነው በቭሬብል ጉንጭ ከሚጨፍሩት ጋር ሙሉ ለሙሉ የማልስማማው፣ የኔ ተስፋ ያለው ዊል ካምቤል ላይ ነው። ያቺ አራተኛ የሆነች ምርጫችን እሱ ላይ ነው የዋለችው፣ ሌፍት ታክል ይባላል ቦታው፣ ኳርተርባኩ ለመወርወር ሲዞር የማያየውን ጀርባውን የሚጠብቅ ሰው ነው። ድራፍቱ በፊት ለሁለት ወር ያህል የዚህ ሀገር ህዝብ የልጁን ክንድ ሲለካ ከረመ፣ አጭር ነው አይደለም፣ በኢንች ስምንተኛ ድረስ፣ እንዲህ ሲለካ ያየሁት ድሮ መርካቶ ጨርቅ ሲሸጥ ብቻ ነው። ሲመረጥ ግን ሜይን ለመጠበቅ እስከሞት እታገላለሁ ነው ያለው። ፉከራ በሉት፣ እኔን ግን ነካኝ።

የገንዘቡ ነገር ደሞ አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሊጉ ለሁሉም ቡድን አንድ ጣሪያ ያወጣል፣ የ2025ቱ 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ ከዛ በላይ ለደሞዝ እንደልብ ማውጣት አይቻልም። ዳላስ ለኳርተርባኩ ለዳክ ፕሬስኮት በዓመት በአማካይ 60 ሚሊዮን ነው የተፈራረመው። ሜይ ግን ገና የጀማሪ ኮንትራት ላይ ስለሆነ ለአራት ዓመት አንድ ላይ 36 ሚሊዮን ምናምን ነው፣ በዓመት 9 ሚሊዮን አካባቢ። ልዩነቷን ያዟት፣ በሷ ሌላ ሰው ይገዛል። ተገዛም፣ ሚልተን ዊሊያምስ በ4 ዓመት 104 ሚሊዮን፣ ስቴፎን ዲግስ (ታዋቂ ኳስ ተቀባይ፣ 2024 ኦክቶበር ላይ ጉልበቱ ተበጥሶ የነበረ ቢሆንም)፣ ካርልተን ዴቪስ፣ ሞርጋን ሞሰስ፣ ቭሬብል ከቴኔሲ የሚያውቀው ሃሮልድ ላንድሪ። ጆሽ ማክዳንኤልስ ደሞ ማጥቃቱን ሊመራ ለሶስተኛ ጊዜ ተመልሷል፣ ከብሬዲም ከማክ የመጀመሪያ ዓመትም ጋር የሰራ ሰው ነው፣ ለኔ ይሄ ከዲግስ ይበልጥብኛል። ልጁ ደሞዙ ሳይንር ያለው ጊዜ አጭር ነው፣ ሶስት ዓመት ቢሆን ነው፣ በዛ ውስጥ ካልሆነ ሂሳቡ ይቀየራል።

ጋራዡ ውስጥ አብሮኝ ይሰራ የነበረ አንድ የአይሪሽ ዘር ያለው ሽማግሌ አለ፣ ጡረታ ከወጣም እንደዋወላለን። እሱ ቡድኑን ከብሬዲ በፊት ነው የሚያውቀው፣ 1990 ላይ 1 አሸንፈው 15 ሲሸነፉ በብርድ ስታዲየም እየገባ ያየ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ደውዬ "ዘንድሮስ?" ስለው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና "ወደ ኖርማል ብንመለስ ይበቃኛል" አለኝ። ኖርማል ማለት ምንድነው ብለው፣ ዲሴምበር ላይ ያለ ጨዋታ ትርጉም ሲኖረው ነው አለኝ። ይሄን ሰውዬ ለዚህ ነው የምወደው። ሬድዮ ላይ የሚደውሉት ግን ሌላ ዓለም ናቸው፣ ከሶስት ዓመት ለቅሶ በኋላ አሁን ሱፐር ቦውል የት እንደሚደረግ እየጠየቁ ነው። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ወይ። ገደሉ ቡፋሎ ነው፣ እስከ 2024 ድረስ ምድባችንን 5 ዓመት በተከታታይ ወስደዋል፣ ኳርተርባካቸው ጆሽ አለን የ2024 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ነው።

ግን እኔም ብሆን ራሴን አልቻልኩም። ከዛ ልምምድ ሁለት ቀን ቆይቶ ኦገስት 8 ላይ የብሬዲን ሀውልት ስታዲየሙ ደጃፍ መረቁ፣ 12 ጫማ ነሐስ፣ ማታውኑ ከዋሽንግተን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበር፣ እና የመጀመሪያዋን ኳስ፣ ገና ሰው ወንበሩን ሳያገኝ፣ ትሬቬዮን ሄንደርሰን የሚባል ጀማሪ ልጅ ተቀብሎ 100 ያርድ ሮጦ አገባት። 48 ለ 18 አለቀ። የወዳጅነት ጨዋታ ምንም ማለት አይደለም፣ ምንም፣ ይሄን ለልጄ ሶስቴ ነገርኩት፣ ከዛ እሱ ሲተኛ ያቺን ሩጫ ስድስት ሰባት ጊዜ ደጋግሜ አየኋት።

ግምቴን በፅሁፍ ላስቀምጥ፣ በኋላ እንዳልክድ። 9 እናሸንፋለን፣ 8 እንሸነፋለን። ሜይ ከ25 በላይ ተችዳውን ይወረውራል፣ ካምቤል መጀመሪያ አካባቢ ሁለት ሶስት ጊዜ ያዋርደናል ከዛ ይስተካከላል፣ ቭሬብል ቢያንስ አንዴ ከዳኛ ጋር ይጣላል። ፕሌይኦፍ እንደምንገባ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ዲሴምበር ላይ ግን ሽማግሌው ስልክ ያነሳልኛል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ሴፕቴምበር 7 እሁድ ፎክስቦሮ ከሬይደርስ ጋር ነው፣ ብሬዲ ራሱ ድርሻ የገዛበት ቡድን፣ ሀውልትህ በር ላይ ቆሞ አንተ በተቃራኒው ወገን። ከቦስተን ሳውዝ ስቴሽን የሚነሳው የጨዋታ ባቡር የ2025 ዋጋው ደርሶ መልስ 20 ዶላር ነው፣ ልጄ ከወዲሁ 10 ቁጥሩን ማልያ በሩ ላይ ሰቅሎ ይጠብቃል። ችግሩ የዛን ቀን፣ ጳጉሜ 2፣ የጓደኛችን ልጅ ክርስትና ነው። ጨዋታው በኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት ይጀምራል፣ ልክ ምሳ ሲቀርብ። ለባለቤቴ "አንድ ጆሮዬ ላይ ብቻ ነው የማደርገው፣ በሌላኛው እሰማችኋለሁ" አልኳት። እሷም የሁለታችንንም ስልክ ጠዋት ቦርሳዋ ውስጥ እንደምትከት ነገረችን። ልጄ ግን የክርስትናው አባት ማን እንደሆነ አጣርቶ መጥቷል፣ ሰውዬው ፓትሪዮትስ ነው አሉ፣ አዳራሹ ውስጥ ደሞ ቲቪ አለ።